ርዕስ አለኝ፣ ጥያቄ ግን የለኝም
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው በፖለቲካ ሳይንስና በዓለም አቀፍ ግንኙነት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን ወደ ማጠናቀቁ የተቃረቡ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የተቸገሩበትም ነገር ተቀራራቢ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ከደሴ

«ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያቀረብኩት ርዕስ ‹የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት ፖሊሲ፦ ዕድሎችና ተግዳሮቶች› የሚል ነበር። አማካሪዬ አንብበው ‹ርዕስ አለሽ፣ ጥያቄ ግን የለሽም› ብለው መለሱልኝ። ትውልዴ አምባሰል ስለሆነ ወደ ውጫሌ ውል ፊቴን አዞርኩ፤ የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ስለ አንቀጽ 17 ያልተባለ ነገር ስለሌለ ጊዜሽን አታባክኚ አሉኝ። ሁለቱንም ትቼ ሦስተኛ ርዕስ ልፈልግ ወይስ በውጫሌ ልጽና?»

በውጫሌ ይጽኑ፤ አንቀጽ 17ን ግን ይተዉት።

አማካሪዎ የተናገሩት ቃል ለብዙ ተማሪ የሚጠቅም በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። የምርምር ጥያቄ የሚባለው አንድ ነገር ለምን ወይም እንዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ፣ ከአንድ በላይ አሳማኝ መልስ ሊሰጠው የሚችል፣ ማስረጃ ታይቶም ከመልሶቹ አንዱን መጣል የሚቻልበት ጥያቄ ነው። አሁን የመጀመሪያ ርዕስዎን በዚህ ይመዝኑት። ዕድልም ተግዳሮትም የሌለው መንግሥት በምድር ላይ ስለሌለ፣ ጽሑፉ ምንም ዓይነት ማስረጃ ቢገኝ ስሕተት ሊሆን አይችልም፤ ስሕተት ሊሆን የማይችል ጽሑፍ ደግሞ ለአንባቢው የሚጨምርለት ዕውቀት የለውም። (በነገራችን ላይ «ዕድሎችና ተግዳሮቶች» የሚለው ሐረግ በሕግ ቢከለከል በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ካለው የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ብዙው ባዶ የሚቀር ይመስለኛል።)

ወደ ውጫሌ እንመለስ። ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት ይህ ውል 20 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ ጓደኞችዎ እንዳሉት ክርክሩ ሁሉ በአንዱ፣ ኢጣሊያ የጥበቃ መብት አገኘሁበት ባለችው በአንቀጽ 17 ላይ ተከማችቷል። የቀሩት አንቀጾችና ውሉ የተፈረመበት ጊዜ ግን ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ የበለጠ የሚያሠሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 መጀመሪያ ነው። ውሉ በውጫሌ አጠገብ በምትገኘው በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። ምኒልክ ዘውድ የደፉት ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ ማኅተማቸውን ያኖሩት ሰው ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው የጠሩ፣ ነገር ግን ገና ያልተቀቡና በሰሜን በኩል ራስ መንገሻ ዮሐንስ የሚፎካከሯቸው ነበሩ። ከኢጣሊያ ጋር የነበረው ድርድር ግን የተጀመረው ዐፄ ዮሐንስ በሕይወት፣ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይወጣል፦ ምኒልክ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አሥመራን ወደ ኢጣሊያ ወገን የሚያደርገውን የአንቀጽ 3 ድንበር የተቀበሉት ዙፋኑ ገና ስላልረጋላቸው ነው ወይስ ከዚያ በፊትም ቢሆን ለጦር መሣሪያ ሲሉ ሊሰጡት የተዘጋጁበት ነገር ነበር? ሁለቱም መልሶች አሳማኝ ናቸው። ሁለተኛውን የሚደግፈው በጥቅምት 1880 ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የተደረገው ስምምነት ነው፤ በዚያ ስምምነት ምኒልክ በኢጣሊያና በዐፄ ዮሐንስ ጠብ ውስጥ ላለመግባት ሲስማሙ ኢጣሊያ 5,000 ጠመንጃ ልትሰጥ ቃል ገብታ ነበር። የእርስዎ ሥራ እንግዲህ ከመጋቢት 1881 በፊት ሸዋ ለመስጠት የፈቀደውንና ከዚያ በኋላ የሰጠውን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይሆናል። ልዩነት ካልተገኘ የዙፋኑ ማብራሪያ ወደቀ ማለት ነው፤ ይህንንም ፕሮፖዛልዎ ላይ አስቀድመው ይጻፉት። ሐሳብዎን የሚያፈርሰው ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ በግልጽ የጻፈ ፕሮፖዛል ለፈታኝ እጅግ የሚያስደስት ነው።

ሌላም አለ። ደጃዝማች መኰንን ወደ ኢጣሊያ ተልከው መስከረም 22 ቀን 1882 የተፈራረሙት ተጨማሪ ስምምነት አንባቢ እምብዛም የማያነሳው ነው። በዚያ ስምምነት 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቅዶ የሐረር ጉምሩክ ገቢ መያዣ ሆኗል፤ ድንበሩም በወቅቱ በእጅ ያለውን ይዞታ መሠረት አድርጎ እንዲካለል ተስማምተዋል። የኢጣሊያ ጦር አሥመራን የያዘው ደግሞ ስምምነቱ ከመፈረሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ክረምት ነው። ድንበርን በይዞታ መለካት የተባለው ቀላል ሐረግ ማንን እንደጠቀመ ከዚህ ይታያል፤ የውጭ ብድርንና የብድር መያዣን ከሉዓላዊነት ጋር አያይዞ ለማጥናትም ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጅምር አላውቅም። ሦስተኛው በር የሌሎች መንግሥታት አቀባበል ነው። ኢጣሊያ የጥበቃ መብት አለኝ ብላ ለኃያላኑ ያስታወቀችው በጥቅምት 1882 መጀመሪያ፣ ምኒልክ ዘውድ ሳይደፉ ነው። እንግሊዝ በመጋቢትና በሚያዝያ 1883 ከኢጣሊያ ጋር በተፈራረመቻቸው ፕሮቶኮሎች ይህን ተቀብላ የተጽእኖ ክልል ተካፈለች። ሩሲያ ግን አልተቀበለችም። ለምን ተለያዩ?

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ጥያቄው ጠበበ ብለው አይፍሩ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ያለው ጊዜ አጭር፣ ገንዘቡም ያነሰ ነው። የአምባሰል ተወላጅ መሆንዎ በመንደሩ ለመጠየቅ ይረዳዎታል፤ ሆኖም በይስማ ንጉሥ አካባቢ ከአረጋውያን የሚሰበስቡት ቃል ሕዝቡ ውሉን እንዴት እንደሚያስታውሰው የሚያስረዳ እንጂ በድንኳኑ ውስጥ ምን እንደ ተባለ የሚመሰክር አይደለም። ከ130 ዓመት በላይ አልፎታልና የሁለቱን ዓይነት ማስረጃ ቦታ አይቀያይሩ።

ከወልድያ

«የጥናቴ ጉዳይ የልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድና የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝምና ኮንስትራክቲቪዝም የተባሉትን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳቦች በሠላሳ ገጽ አብራርቻለሁ። አማካሪዬ ግን ንድፈ ሐሳቡና ታሪኩ አልተገናኙም ይሉኛል። ምን ጎደለኝ?»

ሠላሳው ገጽ በሙሉ ቢወጣ ምዕራፍ አራት ላይ የሚለወጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ? ከሌለ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው።

ንድፈ ሐሳብ የሚያገለግለው ማስረጃው ዘንድ ከመድረስዎ በፊት ምን ያገኛሉ ብለው እንዲጠብቁ ሲያደርግዎ ነው። ልጅ ኢያሱ የተሻሩት መስከረም 17 ቀን 1909 ነው፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው ዘምተው ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17 ቀን ነው። ከመሻሩ በፊት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶች) በልጅ ኢያሱ አካሄድ ላይ ተቃውሞ አሰምተዋል፤ ሦስቱ መንግሥታት በ1899 ኢትዮጵያን በሚመለከት እርስ በርስ ስምምነት የነበራቸው ናቸው። ኃያላን መንግሥታት ትንሹን አገር እንደ ፈለጉ ያደርጉታል የሚለው ሐሳብ ትክክል ከሆነ፣ በሌጋሲዮኖቹ መዝገብ ውስጥ አሳቢዎቹና ቀስቃሾቹ እነርሱ ሆነው፣ የሸዋ መኳንንትም ተከትለው ሊታዩ ይገባል። ጉዳዩ በዋነኛነት የቤት ውስጥ የሥልጣን ፉክክር ከነበረ ደግሞ መኳንንቱ አስቀድመው ተማክረው፣ የውጭውን ተቃውሞ እንደ ድጋፍ ሲጠቀሙበት ማየት አለብን። ሮበርት ፑትናም በ1980 ዓ.ም. ያቀረበው ባለ ሁለት ደረጃ ጨዋታ የተባለው ሐሳብ፣ መሪ በአንድ ጊዜ ከውጭ ተደራዳሪና ከውስጥ ባላንጣ ጋር ይጫወታል የሚለው፣ ለዚህ ጉዳይ ከሦስቱ ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል። ሁለት ማብራሪያ ብቻ ይያዙና ሠላሳውን ገጽ ወደ ስምንት ያውርዱት። የወሎን ወገን ደግሞ አይርሱ፤ በዚህ ታሪክ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከአዲስ አበባ መስኮት የታየ ነው።

ከኮምቦልቻ

«አሜሪካ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል (ከአጎዋ) ማስወጣቷ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ያስከተለውን ጉዳት ለማጥናት ለሠራተኞች የሚሞላ መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ። አንድ መምህሬ ግን ‹ይህ መጠይቅ ጥያቄህን አይመልስም› አሉኝ። የት ላይ ነው ችግሩ?»

ችግሩ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ዱላ በአንድ ሰሞን ማረፉ ነው። ከተማዋ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታለች። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ ያስታወቀችው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ሲሆን፣ ውሳኔው በሥራ ላይ የዋለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ሥራዋን ያጣች አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ «ለምን ሥራ አጣሽ?» ተብላ ብትጠየቅ የምታውቀውን ትናገራለች፤ ከፋብሪካው ወደ አሜሪካ ይሄድ የነበረው ትእዛዝ በቀረጥ ምክንያት ይቀነስ ወይም በጦርነቱ ምክንያት ይቋረጥ ከእርሷ ወንበር ላይ ሆኖ አይታይም። መጠይቁን በሺህ ቢያባዙትም ይኸው ነው።

መውጫው ማነጻጸር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በሐምሌ 2009 ተመርቀዋል፤ ሁለቱም ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ለውጭ ገበያ እንዲያመርቱ የታሰቡ ናቸው። ከአጎዋ መውጣት ሁለቱንም ነክቷል፤ ውጊያው ግን ሐዋሳ አልደረሰም። ስለዚህ የሐዋሳ መቀነስ በአብዛኛው የአጎዋ ውጤት ነው ብለን፣ ኮምቦልቻ ከዚያ በላይ ያጣውን ለጦርነቱ ልንሰጥ እንችላለን። እንዲህ ስል ግን ንጽጽሩ ንጹሕ እንዳልሆነ መጠቆም አለብኝ። በሐዋሳ ትልቅ አምራች የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ በምክንያትነት የጠቀሰው የአገሪቱን የጦርነት ሁኔታ ነበር። ጥይት ያልደረሰበትን ከተማም ጦርነት በገዢዎች ፍርሃት በኩል ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ይህን እንደ ችግር ከመደበቅ ይልቅ በጽሑፍዎ ውስጥ አንድ ንዑስ ክፍል ቢሰጡት ይሻላል፤ ከገዢ ኩባንያዎች መግለጫና ከፓርኮቹ የወጪ ንግድ መዝገብ ወር በወር ተከታትሎ መለየት ይቻላል፣ ቢያንስ በከፊል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሚማሩት ዓለም አቀፍ ግንኙነት ከሆነ፣ የሥራ ማጣቱ መጠን የኢኮኖሚክስ ተማሪም ሊሠራው የሚችል ነው። የእርስዎ ዘርፍ የሚያነሳው ጥያቄ የንግድ ቅጣት የተቀጪውን መንግሥት አቋም ይለውጣል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከአንድ ፈተና ይጠንቀቁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ ማለትም የአጎዋው ማስታወቂያ በወጣ ልክ በዓመቱ ነው። መገጣጠሙ ጸሐፊን ያማልላል፤ ነገር ግን በመካከሉ የጦር ሜዳው ሚዛን ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል፣ በመጋቢት 2014 ግጭት የማቆም ውሳኔ ታውጇል፣ በነሐሴም ውጊያው እንደ ገና አገርሽቷል፣ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎችም ሲመላለሱ ቆይተዋል። ቅጣቱ ድርሻ ነበረው ለማለት ተደራዳሪዎቹ እርሱን አስበው አንድ ነገር እንደ ለወጡ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቀኖች መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም።

ከሐይቅ

«አሰላሙ ዐለይኩም። ከሳውዲ ዐረቢያ የተመለሱ ወጣቶችን ቃለ መጠይቅ አድርጌ፣ ኢትዮጵያና ሳውዲ በሠራተኛ ጉዳይ ያላቸውን ግንኙነት ለመጻፍ አስቤአለሁ። ተመላሾቹ የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዘመዶቼ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ሰጥቶኛል። ሌላ የምጠነቀቅበት ነገር አለ?»

ወዐለይኩም ሰላም። አለ፣ ብዙ።

የትብብር ደብዳቤው ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ያሳልፍዎታል፤ የተመላሹን ልብ ግን አይከፍትም፤ አንዳንዴም ይዘጋዋል። በቀበሌ ሊቀመንበር ታጅቦ የመጣ ጠያቂ በብዙዎች ዓይን ተቆጣጣሪ ወይም እርዳታ መዝጋቢ ነው። ተቆጣጣሪ ከመሰልዎ ስለ ደላላው አይነግሩዎትም፣ እርዳታ መዝጋቢ ከመሰልዎ ደግሞ መከራው ይበዛል። ስለዚህ ከጥናቱ ምንም ጥቅም እንደማያገኙ፣ ባይመልሱም ምንም እንደማይቀርባቸው በመጀመሪያው ደቂቃ በግልጽ ይንገሯቸው። ፊርማ ያለበት የፈቃድ ወረቀት ለዩኒቨርሲቲው ደስ ይላል፤ በሕገ ወጥ መንገድ ለሄደ ሰው ግን ስሙ የሰፈረበት ወረቀት ራሱ አደጋ ነው። ፈቃዱን በቃል ተቀብሎ መመዝገብ እንዲፈቀድልዎ አማካሪዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ቦታውም ላንሳ። በእኛ አገር እንግዳ ከመጣ ቡና ይፈላል፤ ቡና ከፈላ ጎረቤት ይጠራል። በአቦሉ ላይ እትዬ እገሊትና አባባ እገሌ ተቀምጠው ልጅቱ በአሠሪዋ ቤት የደረሰባትን እንድትናገር መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ መልሱም እውነት አይሆንም። ቡናውን ጠጥተው፣ መርቀው ወይም ተመርቀው ይውጡና ለሌላ ቀን፣ እርሷ ለመረጠችው ቦታ ይቀጠሩ። ወዳጃ ላይ ደግሞ መቅረጫ ፈጽሞ እንዳያወጡ፤ የተሰበሰበው ሰው ለዱዓ እንጂ ለጥናት አልመጣም። በጽሑፉ ውስጥ ስምን ብቻ መሰረዝ በቂ አይደለም፤ «ከሐይቅ አጠገብ የምትኖር፣ በ2006 የተመለሰች፣ የሦስት ልጆች እናት» ብለው ከጻፉ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ዘመዶችዎን በተመለከተ የእኔ አስተያየት በመረጃ ሰጪነት እንዳይጠቀሙባቸው ነው። መንገዱን ያሳዩዎ፣ ቃላቸው ግን ወደ ጽሑፉ አይግባ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልለፍ። ያሰቡት ጥያቄና የሚሰበስቡት ማስረጃ አይገናኙም። ከጥቅምት 2006 መጨረሻ ጀምሮ ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። መንግሥታችን በዚያው ጥቅምት ወር ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አግዶ፣ በኋላም ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 632/2001ን የተካውን አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አወጣ፤ ይኸው የ2008 አዋጅ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈረመባቸው አገሮች እንዲሆን ደነገገ። ከሳውዲ ጋር እንዲህ ያለው ስምምነት እንዴት ተደረሰበት፣ ማን ምን ሰጥቶ ምን አገኘ የሚለውን የባቲን ገበያ አልፎ፣ በአፋር በረሃና በጅቡቲው ኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሄዶ የተመለሰ ወጣት ሊያውቀው አይችልም። ያንን ማወቅ ከፈለጉ የሚጠይቋቸው የሥራና የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣናትን፣ በጊዜው በጂዳና በሪያድ ያገለገሉ ዲፕሎማቶችን፣ የሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ባለቤቶችን ነው። ከተመላሾቹ ጋር ለመቆየት ከመረጡ ደግሞ ጥያቄውን ወደሚያውቁት ነገር ያምጡት፦ ለምሳሌ እገዳው መሄድን አስቀረ ወይስ መንገዱን ከአውሮፕላን ወደ ባሕር አዞረው? ለዚህ የእነርሱ ምስክርነት አንደኛ ደረጃ ማስረጃ ነው። ያም ሆኖ የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ ስለ ሄዱት ሁሉ መደምደም አይቻልም፤ የተሳካላቸው እዚያው ናቸው፣ ያልደረሱትም አይናገሩም። ቢያንስ ገንዘብ የሚላክላቸውን ቤተሰቦችና ሊሄዱ አስበው የቀሩትን ይጨምሩ።

ከመርሳ

«መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ አዲስ አበባ እየሄድኩ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መቀመጥ አልቻልኩም። ውጭ አገርማ አይታሰብም። ከዚሁ ሆኜ በመጀመሪያ ደረጃ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ጥናት መሥራት እችላለሁ?»

ይችላሉ፤ ዋናው ነገር ሰነዱ ያለበትን አይተው ጥያቄውን መምረጥዎ ነው። ብዙ ተማሪ የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ጥያቄውን ያጸድቅና ሰነዱ ሮም ወይም ለንደን እንዳለ ከስድስት ወር በኋላ ይደርስበታል።

በጄኔቫ ያለው የመንግሥታት ማኅበር ቤተ መዛግብት ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ተቀይሮ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲፕሎማሲ ሰነዶች ስብስብም እንዲሁ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1965 እስከ 1969 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ በሚሸፍነው የአፍሪካ ክፍሉ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ነገር አለ። በዊልሰን ማእከል የዲጂታል መዝገብ ውስጥ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የሶቪየትና የምሥራቅ ጀርመን ሰነዶች ወደ እንግሊዝኛ ተመልሰው ይገኛሉ። የኢንተርኔቱን መቆራረጥ አውቃለሁ፤ ሲገኝ አውርዶ፣ የእያንዳንዱን ሰነድ ቁጥርና ቀን በአንድ ደብተር መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ቁጥሩ ያልተመዘገበ ሰነድ ጽሑፍዎን በፈታኞች ፊት በሚከላከሉበት ቀን እንደሌለ ይቆጠራል።

ከእነዚህ ጋር የሚስማሙ ሁለት የወሎ ጉዳዮች ልጠቁም። አንደኛው የ1965 እና የ1966 ረኀብ ነው። በክፍለ ሀገሩ ሰው እያለቀ መሆኑን የሚያውቁ የውጭ መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የንጉሡን መንግሥት ላለማስቀየም ዝምታን መምረጣቸው በጊዜው ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ዝምታው የሉዓላዊነት ክብር ነው ወይስ የጥቅም ስሌት? የአሜሪካን ወገን ሰነዶች ለዚህ መነሻ ይሆናሉ። የአፍ ምስክርነቱ ደግሞ ከቤትዎ ደጃፍ ነው፤ ብቻ ሽማግሌዎቹ ያንን ክፉ ቀን ከሰባ ሰባቱ ጋር አንዳንዴ ስለሚያቀላቅሉት፣ ዓመቱን ከመጠየቅ ይልቅ ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ ብለው ይጀምሩ።

ሁለተኛው የደሴ መደብደብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሰፍረው ሳለ ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተቋቋመ ገና ወራት ነበር የሆነው። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አመልክታለች፤ ከሌሎች ግንባሮች የቀረቡ ተመሳሳይ አቤቱታዎችም በዚያው መዝገብ ይገኛሉ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ግን በእጁ ያለውን ማስረጃ የመንግሥታት ማኅበር ሲጠይቀው ገለልተኛ ነኝ በማለት አልሰጠም። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ሰኔ 23 ቀን 1928 ንግግር ሲያደርጉ አገሪቱ አስቀድማ በወረቀት ስትሟገት ቆይታ ነበር። ጦር የሌለው ወገን ማስረጃን እንደ መሣሪያ ሲጠቀም የትኛው አቤቱታ መልስ አገኘ፣ የትኛው በመዝገብ ቤት ቀረ፣ ለምንስ? አቤቱታዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ለእያንዳንዳቸው የተሰጠውን መልስና መልሱን የሰጠውን ክፍል መመዝገብ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ መርሳ ተቀምጦም ይሠራል። መዝገቡ በፈረንሳይኛም ስለሆነ ግን ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ከአሁኑ ቢፈልጉ ይሻላል፤ በየገጹ የሚከፈለውንም ሒሳብ በፕሮፖዛሉ የበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገቡት።